ክርክር፦ ልጆችን ለሃያ ዓመታት እየተከታተሉ ማጥናት ወይስ ገንዘቡን ዛሬ ለልጆቹ ማዋል?

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት የመከራከሪያ ሐሳባችን ይህ ነው። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል። ከእነዚህ 3,000ዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው፤ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል ባሉ 20 ቦታዎች ተመዝግበዋል። ጥናቱ ሲጀመር 2,000ዎቹ የአንድ ዓመት ገደማ ሕጻናት፣ 1,000ዎቹ ደግሞ የስምንት ዓመት ልጆች ነበሩ። ዛሬ ሁሉም ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ደርሰዋል። እንዲህ ያለው የረጅም ዘመን ክትትል እንደ እኛ ላለ አገር ተገቢ ወጪ ነውን? እንደ ልማዳችን ሰውን ሳይሆን ሐሳብን እንሞግት።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ዋግ ኽምራ፦
ተገቢ አይደለም ብዬ እጀምራለሁ። የምሠራው ቀበሌ ውስጥ ነው። ፕላምፒናት የሚባለው ለከባድ የምግብ እጥረት የሚሰጥ ገንቢ ምግብ በሚያልቅበት ወር የልጆችን ክንድ እየለካሁ ከባድ እጥረትን የሚያሳየው ቀዩ መስመር ላይ ያረፉትን ስማቸውን መዝግቤ ወደ ቤታቸው የመለስኩበት ጊዜ አለ። አጥኚዎችም ወደ እኛ መጥተው ያውቃሉ። የየትኛው ተቋም እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም። ልጁን መዘኑ፣ ቁመቱን ለኩ፣ እናቱን ከአንድ ሰዓት በላይ ጠየቁ፣ ሄዱ። እነሱ ከሄዱ በኋላ እናትየዋ መጥታ «ምን አገኙበት?» ያለችው እኔን ነው።

የመንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታወጅ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት ላይ ያለው መቀንጨር፣ ማለትም በምግብ እጥረት ለዕድሜ የሚመጥን ቁመት ማጣት፣ እስከ 2030 እንዲጠፋ ተብሎ ነው። ስሙን ያገኘው ከእኛው ከተማ ነው። መቀንጨር ልጅን እንደሚጎዳ ለማወቅ ሌላ ሃያ ዓመት መጠበቅ አያስፈልገንም። የጎደለን እህል፣ ንጹሕ ውኃና መድኃኒት ነው።

የሕጻናት ሐኪም፣ ሐዋሳ፦
እህቴ፣ ስለ ሥራዎ ምስጋና ይገባዎታል። ነገር ግን «እናውቃለን» ያሉት ነገር ከየት እንደመጣ እንመልከት። የመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት (ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት) እያልን በየጤና ጣቢያው የምናስተምረው ትምህርት ትልቁ መሠረቱ ረጅም ክትትል ነው። በጓቲማላ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች የተመጣጠነ ምግብ ጥናት ተካሄደ። በሁለቱ መንደሮች ፕሮቲንና ኃይል ሰጪ የሆነ አጥሚት መሰል መጠጥ፣ በሁለቱ ደግሞ ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ይታደል ነበር። ልጆቹ አድገው ሥራ ከያዙ በኋላ ሲፈለጉ፣ ገንቢውን መጠጥ በሕጻንነታቸው ያገኙት ወንዶች በሰዓት የሚያገኙት ገቢ ከሌሎቹ በ46 በመቶ በልጦ ተገኘ። የገንዘብ ሚኒስትርን የሚያሳምን እንዲህ ያለ ቁጥር ልጁ ጎልማሳ እስኪሆን ካልተጠበቀ አይገኝም።

ሁለተኛው ነጥቤ የእኛው ቁጥር ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ እንደሚያሳየው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 38 በመቶ ሆኑ። ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም በየዙሩ የሚለኩት ሌሎች ልጆች ናቸው። በ2000 የቀነጨረው ልጅ በኋላ አገገመ ወይስ እንደዚያው ቀረ? ይህን ሊነግረን የሚችለው ያንኑ ልጅ ደጋግሞ የሚጎበኝ ጥናት ብቻ ነው። የያንግ ላይቭስ መረጃ በአንድ ዓመታቸው ቀንጭረው ከነበሩት ውስጥ በስምንት ዓመታቸው ያገገሙ ብዙ እንዳሉ፣ በአንጻሩ በሕጻንነታቸው ደህና የነበሩ ሌሎች ቆይተው እንደቀነጨሩ አሳይቷል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ካለፈው ልጅ ተስፋ መቁረጥ ስሕተት ነው፤ የትምህርት ቤት ምገባም ከሆድ መሙላት ያለፈ ትርጉም አለው።

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦
ዶክተር፣ የጓቲማላውን ሲጠቅሱ አንድ ነገር በፍጥነት አለፉት። ሁለቱ መንደሮች ሆን ተብሎ ፕሮቲን የሌለው መጠጥ ተሰጣቸው። የእነዚያ መንደሮች ልጆች የሌሎቹ ማነጻጸሪያ ሆነው አደጉ። ያ 46 በመቶ ከማን ጋር ተነጻጽሮ የተገኘ ነው?

የሕጻናት ሐኪም፣ ሐዋሳ፦
ትክክል ነው። ዛሬ እንዲያ ያለ ጥናት ከሥነ ምግባር ኮሚቴ አያልፍም፤ ማለፍም የለበትም። ያንግ ላይቭስ ግን ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው የሚነፍገው ነገር የለም፤ ኑሮን እንዳለ ይመዘግባል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ዋግ ኽምራ፦
የእኔም ጥያቄ እሱ ላይ ነው ዶክተር። እንዳለ መመዝገብ! ልጁ ሲከሳ የከሳበትን ኪሎ መመዝገብ። እኔ ያንን ባደርግ ከሥራ እባረራለሁ።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ፣ አዲስ አበባ፦
ይህ ክርክር የ1977 ዓ.ም.ን (በእኛ አቆጣጠር) ድርቅ ሳያነሳ መቀጠል የለበትም ብዬ አምናለሁ። በተለያዩ የገጠር መንደሮች አባወራዎችን ለዓመታት በተከታተለ የዳሰሳ መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ረሃቡ በከፋበት ወቅት ከሦስት ዓመት በታች የነበሩ ሕጻናት ጎልማሳ ሲሆኑ ተለኩ። ረሃቡ ክፉኛ በመታቸው ቤቶች የነበሩት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ፤ አንደኛ ደረጃን የማጠናቀቅ ዕድላቸውም አንሶ ነበር። የዚያን ዘመን ሙታን ተቆጥረው ይነገራሉ። በሕይወት የተረፉት ሕጻናት ግን ዕዳውን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲከፍሉት ኖረዋል፤ ይህ ክትትል ባይኖር ማንም አያውቅላቸውም ነበር።

ለድሃ ቤተሰቦች ምግብ ወይም ገንዘብ የሚሰጠውን ሴፍቲኔትንም ውሰዱ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር የያንግ ላይቭስ ልጆች አስቀድመው ተመዝግበው ነበር። በዚህም የተነሳ ከፕሮግራሙ በፊትና በኋላ ያሉበትን ሁኔታ ማነጻጸር ተቻለ፤ ተጠቃሚ በሆኑ ቤቶች ከአምስት ዓመት በላይ የሆናቸው ልጆች ቁመት ጭምር መሻሻሉ ታየ። እህታችን በቀበሌያቸው የሚያውቁት ሴፍቲኔት በጀቱ ሲጠየቅ የሚቀርበው ማስረጃ እንዲህ ያለው ነው።

ነዋሪነቴ ሜሪላንድ፦
ከዚህ ከምኖርበት አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 የፈቀደው ብሔራዊ የሕጻናት ጥናት 100,000 ልጆችን ከማሕፀን እስከ 21 ዓመታቸው ሊከታተል ታቅዶ ነበር። ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከወጣበት በኋላ ከሙከራው ምዕራፍ ሳያልፍ በታኅሣሥ 2014 ተሰረዘ። ሀብታሙ አገር ያልቻለውን እኛ በዕርዳታ ገንዘብ ብንጀምረው፣ ለጋሹ ፊቱን ያዞረ ቀን ምን ይተርፈናል? በጤና ዘርፍ የዕርዳታ ገንዘብ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም አይታችኋል።

የሕጻናት ሐኪም፣ ሐዋሳ፦
ያ ጥናት የወደቀው ዕቅዱ ስለተንዛዛና አመራሩ ስለተበላሸ ነው። በብራዚል ፔሎታስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1982 በሆስፒታሎች የተወለዱ ከ5,900 በላይ ሕጻናት ተመዝግበው እስከ ዛሬ ይፈለጋሉ፤ የሚመራውም የአገሩ ዩኒቨርሲቲ ነው። በሀብታም አገሮች ረዘም ላለ ጊዜ ጡት የሚያጠቡት በአብዛኛው የተማሩና የተሻለ ገቢ ያላቸው እናቶች ስለሆኑ ጥቅሙ ከጡቱ ይሁን ከኑሮው መለየት ያስቸግራል። በፔሎታስ ግን በዚያን ጊዜ ድሃውም ሀብታሙም በተመሳሳይ ያጠባ ነበር። ልጆቹ 30 ዓመት ሲሞላቸው 12 ወርና ከዚያ በላይ የጠቡት በአእምሮ ችሎታ ፈተና ከአንድ ወር በታች ከጠቡት በአማካይ ወደ 4 ነጥብ የሚጠጋ ብልጫ አሳዩ።

የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ቡታጅራ፦
እኔ ያለሁበት አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ቤት ለቤት ሲመዘገብ የኖረ ነው። እዚሁ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ከነልጆቻቸው የተከታተለ ጥናት ነበር። በደቡብ እስያ የእናት የመንፈስ ጭንቀት ከልጅ መቀንጨር ጋር እንደሚያያዝ ታይቷል። በቡታጅራ ግን ያ ግንኙነት አልተገኘም። የተገኘው ሌላ ነው፤ ጭንቀቱ ከእርግዝና እስከ ወሊድ ማግስት የዘለቀባቸው እናቶች ልጆች በተቅማጥ በብዛት ይታመሙ ነበር። የሌላ አገር ውጤት ተርጉመን ብንሠራ ኖሮ ትኩረታችን የተሳሳተ ቦታ ላይ ያርፍ ነበር። ለዚህ ነው «ሌሎች አጥንተውታል፣ ይበቃል» የሚለው መከራከሪያ የማይዋጥልኝ።

መረጃ ሰብሳቢ የነበረ፣ መቐለ፦
እስካሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የክትትል ጥናት ዋጋው ሰውን ባለማጣት ላይ ነው። ቤተሰብ ይሰደዳል፣ ልጅቷ ትዳር ይዛ ትሄዳለች፣ ልጁ ለሥራ ወደ ከተማ ይወጣል። መረጃ ሰብሳቢው ጎረቤት፣ ዕድር፣ ቀበሌ እየጠየቀ ይፈልጋቸዋል። ጦርነቱ ሲጀመር በኮቪድ ምክንያት በስልክ ይካሄድ በነበረው ዙር የትግራይን ልጆች ማግኘት አልተቻለም፤ መስመሩ ተዘግቶ ነበር። ይበልጥ መታወቅ የነበረበት የልጆች ኑሮ ባዶ ረድፍ ሆነ። ክትትሉ ባይኖር ደግሞ ባዶ ረድፍ መኖሩንም አናውቅም ነበር።

ስለ ፈቃድም ልናገር። ሕጻኑን ወክለው የሚስማሙት ወላጆች ናቸው። ልጁ 18 ሲሞላው እንደ አዲስ ይጠየቃል፤ መጠየቅም ግዴታ ነው። እምቢ የሚል አለ፤ እምቢታው ተከብሮለት ይወጣል። የሚቀጥለው ግን የሚቀጥለው ለምን ይመስላችኋል? በአመዛኙ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ስላለ ነው። ዞሮ የሚጠይቃቸው ሌላ ማንም አልነበረም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ዋግ ኽምራ፦
የቡታጅራው ነጥብ አሳምኖኛል፣ አልክድም። የሴፍቲኔቱም እንዲሁ። እንግዲያው ጥያቄዬን ላጥብበው። አጥኚው ልጁን ሲለካ ከባድ የምግብ እጥረት ካየ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ መላኩም የጥናቱ ፕሮቶኮል ላይ ይጻፍ፤ ለትራንስፖርትና ለሕክምና የሚሆን በጀት ከጥናቱ ይመደብ። ውጤቱም ወረዳውና ቀበሌው በሚሠሩበት ቋንቋ ይመለስልን። እነዚህ ካልተሟሉ ከመጀመሪያው አቋሜ አልነቃነቅም።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ፣ አዲስ አበባ፦
በሁለተኛው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በመጀመሪያው ላይ ግን አንድ ችግር አለ። አጥኚው በገባበት ቤት ሁሉ ዕርዳታ የሚከተል ከሆነ እነዚያ ልጆች የሌሎቹን ልጆች ኑሮ ማሳየታቸው ይቀራል። ለ20 ዓመታት የተለፋበት ንጽጽር ይዛባል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ዋግ ኽምራ፦
እኔ ያልኩት ዕርዳታ ለሁሉም ይታደል አይደለም። ነፍሱ አደጋ ላይ ያለ ልጅ ይታከም ነው። ንጽጽሩ ከተዛባ ይዛባ።

መረጃ ሰብሳቢ የነበረ፣ መቐለ፦
ተመራማሪው የሰጉትን ያህል አይዛባም። ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ልጆች በየዙሩ ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ናቸው። የተላከው ልጅ መላኩና ቀኑ ይመዝገብ፤ ትንተናው ላይ ለብቻው ይታይ። ይህን መሥራት አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪው በጀቱ ሲጻፍ ያንን ገንዘብ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ መስክ ከተወጣ በኋላ ከየትም አይመጣም።

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦
አንድ ጥያቄ ለተመራማሪው። መረጃው የማን ነው? የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሊጠቀሙበት ይችላሉ?

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ፣ አዲስ አበባ፦
የያንግ ላይቭስ የዳሰሳ መረጃ የልጆቹ ማንነት እንዳይታወቅ ተደርጎ በብሪታንያ የመረጃ ማኅደር ተቀምጧል፤ ተመዝግቦ ለምርምር የሚጠይቅ ሁሉ ያለ ክፍያ ያገኘዋል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እዚሁ ተቀምጦ ሊሠራበት ይችላል፤ የሠሩበትም አሉ። ኮምፒውተርና የስታቲስቲክስ ሥልጠና ይፈልጋል። ክርክሩን ወደዚያ ብንወስደው ደስ ይለኛል፤ የቀጣዩ ሳምንት ጥያቄ ይሁን ብዬ ለአወያዩ አቀርባለሁ።