ኮድድ ካሺንግ፦ ሁለት ሰው የተለያየ ፋይል ጠይቆ አንድ መልእክት እንዴት ይበቃል?

ባይት_ቆጣሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ካሽ ሰርቨር (የፋይል ቅጂ ለተጠቃሚው ቅርብ አድርጎ የሚያስቀምጥ) ማስተዳደር ነው። እኛ ጋ ሁሉም ካሽ ብዙ ሰው በሚያየው ፋይል ይሞላል፣ አለቀ። ሰሞኑን ማዳህ-አሊ እና ኒሰን በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ ኮድድ ካሺንግ ያወጡትን ጽሑፍ ይዤ ቀመሩ ላይ ተገትሬያለሁ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ፋይል ጠይቀው አንድ መልእክት ለሁለቱም ይበቃል ይላሉ። እንዴት ሆኖ?

ኤክስኦር_ወዳጅ፦
ቀመሩን ተወውና በእጅህ ሥራው። ሀ እና ለ የሚባሉ ፋይሎችን ለሁለት ለሁለት ክፈል፦ ሀ1፣ ሀ2፣ ለ1፣ ለ2። ኔትወርኩ ቀለል ሲል ለአንደኛው ሰው ሀ1ን እና ለ1ን፣ ለሁለተኛው ሀ2ን እና ለ2ን ቀድመህ አስቀምጥ። ማን ምን እንደሚጠይቅ ገና አታውቅም፣ ችግር የለም።

በኋላ አንደኛው ሀን፣ ሁለተኛው ለን ጠየቀ እንበል። አንደኛው የጎደለው ሀ2 ነው፤ እሱ ሁለተኛው ጋ አለ። ሁለተኛው የጎደለው ለ1 ነው፤ እሱም አንደኛው ጋ አለ። ሀ2ን እና ለ1ን ኤክስኦር አድርገህ (ቢት ለቢት አስተያይተህ ሲመሳሰሉ 0፣ ሲለያዩ 1 ጽፈህ) አንዴ ለሁለቱም ትለቃለህ። እያንዳንዱ በያዘው ቁራሽ መልሶ ኤክስኦር ሲያደርግ የራሱ ይወጣለታል። በተራ ካሽ ሁለት ግማሽ ትልክ ነበር፤ አሁን አንድ ግማሽ።

ባይት_ቆጣሪ፦
ኧረ ገባኝ! ካሾቹ ሆን ተብሎ የተለያየ ነገር ነው የሚይዙት ማለት ነው። ሁለቱም ሀን ቢጠይቁስ? ሰው ሲበዛስ?

ኤክስኦር_ወዳጅ፦
ሁለቱም ሀን ካሉ ሀ1ን ከሀ2 ጋር ኤክስኦር ታደርጋለህ፣ ያው ግማሽ ነው።

ሰው ሲበዛ ነው ጉዱ። 30 ተጠቃሚ አለ፣ እያንዳንዱም ከጠቅላላው ይዘት አንድ ሦስተኛ ያስቀምጣል በል። ሁሉም የተለያየ ፋይል ቢጠይቁ በተራ ካሽ 20 ፋይል ያህል ትልካለህ። በኮድ ግን አንዱ መልእክት 11 ሰው ስለሚያገለግል 20ው ለ11 ይካፈላል፤ ሁለት ፋይል እንኳ አይሞላም። ደስ ይላል አይደል? ታዲያ ለዚህ እያንዳንዱ ፋይል 30,045,015 ቦታ መቆራረጥ አለበት። አንድ ጊጋባይት ፋይል ቢሆን ቁራሹ 33 ባይት ገደማ ነው። በየፓኬቱ ፊት የሚለጠፈው የአይፒና የቲሲፒ ሄደር (የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃ) እንኳ ሲያንስ 40 ባይት ይሆናል! ቁራሾቹን በአንድ ፓኬት ማጨቅ ይቻላል፤ ግን የዚያን ሁሉ ቁራሽ ሒሳብ ማን ይይዛል?

እኔ ብሆን ሰዎቹን በስድስት በስድስት እቧድናለሁ። ያኔ 15 ቁራሽ ይበቃል፣ የሚላከውም ከ20 ወደ 7 ፋይል ገደማ ይወርዳል። ትርፉ ከዚያኛው ያንሳል፣ ግን ይሠራል።

ፓኬት_አሳዳጅ፦
ጣልቃ ልግባና፣ ያ አንድ መልእክት ሁሉም ጋ አንዴ መድረስ አለበት። በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረው የድረ ገጽ ግንኙነት) እያንዳንዱ ሰው የራሱ ግንኙነትና የራሱ ቁልፍ ነው ያለው። ለየብቻ ከላክኸው ትርፉ የታለ? ደግሞ ሰው ቪዲዮ የሚከፍተው በተለያየ ሰዓት ነው።

ኤክስኦር_ወዳጅ፦
ልክ ነህ፣ በተራው ድረ ገጽ እኔም አልሞክረውም። አንዴ የተለቀቀውን ሁሉም የሚሰማበት ቦታ ነው የሚያዋጣው፤ ሳተላይት ወይም የጋራ ሽቦ አልባ ቻናል። ምስጠራውን ደግሞ ከኤክስኦሩ በፊት ፋይሉ ላይ ጨርሰው። የሰዓቱ ነገር ግን ያስቸግራል፤ ጥያቄዎቹን ለጥቂት ሰከንድ ካላቆየህ የሚጣመር አታገኝም።

ባይት_ቆጣሪ፦
እኛ ጋ ቅዳሜና እሁድ በሳተላይት ለቅርንጫፎች የሚላክ ይዘት አለ። በስድስት ቅርንጫፍ ልሞክረው ነው።