ቦረቦሩ ኮንቱሩ ላይ ሜዳ ሆነብኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ባለሙያዎች። ደብረ ሲና አካባቢ ላለ የመንገድ ዲዛይን 1,400 ያህል ነጥብ በቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን በሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ለክተን መጣን። ሲቪል ስሪዲ በሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ላይ ሰርፌስ (ነጥቦቹን በሦስት ማዕዘን እያያያዘ የመሬቱን ቅርፅ የሚያሳይ ሞዴል) ስሠራ ዜሮ ከፍታ የያዙ ነጥቦችን አወጣሁ፤ እሱ ቀላል ነበር። ያቃተኝ ቦረቦሩ ነው። ሦስት ማዕዘኖቹ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው እየዘለሉ ይያያዛሉ። 4 ሜትር የሚጠልቀው ቦታ ኮንቱሩ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር) ላይ ሜዳ መስሎ ቁጭ አለ። በእግሬ የወረድኩበት ቦታ ነው! የቁፋሮና የሙሌት ስሌቱ የሚቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ዳሩንና ወለሉን በብሬክላይን (ሦስት ማዕዘኖቹ ሊያቋርጡት በማይችሉት መስመር) አገናኘሁ። አሁን ደግሞ መስመሮቹ እርስ በርስ ይቋረጣሉ የሚል ስህተት ያወጣል። ነገሩ ስንለካ ለነጥቦቹ ከሰጠነው መለያ ኮድ ይመስለኛል፤ ሁለቱንም ዳር በአንድ ኮድ ስለመዘገብን መስመሩ ዚግዛግ ይሄዳል። የሦስት ማዕዘኑን የጎን ርዝመት በ30 ሜትር ስገድበው፣ ነጥብ በሳሳበት ቁልቁለት ላይ ቀዳዳ ተፈጠረ።

ግራና ቀኙን አንድ በአንድ በእጅ ከመለየት ሌላ መንገድ አለ? ወለሉ ላይ የያዝነው 9 ነጥብ ብቻ ነው። ይበቃል ወይስ ተመልሰን እንለካ? የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ አሳዩኝ።