9ኛ ክፍል የት ላስገባው? የመንግሥት ትምህርት ቤት ውጤት አስጨንቆኛል

የኮምቦልቻ እናት፦
ሰላም የወሎ ልጆች። ልጄ ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ይፈተናል። የሰፈራችን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ከ12ኛ ክፍል ያሳለፈው በጣት የሚቆጠር ነው። የግል እንዳልከፍል የፋብሪካ ደሞዝ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም። ደሴ አክስቱ ጋ ልላከው ወይስ እዚሁ ይማር?

መምህር ከደሴ፦
አብሽሪ እህቴ። ያለፈውን ተማሪ ብዛት ብቻ አይተሽ አትወስኚ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር፣ በ2015ም 3.2፣ ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። የእናንተው ብቻ አይደለም የወደቀው። ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ፣ በ2014 መጀመሪያ ማለት ነው፣ ልጅሽ 4ኛ ክፍል አካባቢ ነበር። ያኔ የተቋረጠውን ማንም ተመልሶ በደንብ አላስተማራቸውም። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። 9ኛ ላይ ከአማርኛ በቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አስነብቢውና የገባውን በአማርኛ ይንገርሽ። ካቃተው የትም ብትልኪው ይቸገራል፣ ክረምቱን እዚያ ላይ ያሳልፍ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
መምህር ያሉት ልክ ነው ግን ሁሉን በጦርነቱ አናሳብ። አንድ ክፍል ውስጥ ተማሪው ተጨናንቆ፣ አዲሱ መጽሐፍ ለሁሉም ሳይዳረስ፣ ስልክ የሌለው ልጅ ፒዲኤፉን በምን ያንብበው? የደሃ ልጅ የሚወድቀው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። እህቴ፣ ትምህርት ቤቱ ሄደሽ ሒሳብና ፊዚክስ ቋሚ አስተማሪ አላቸው ወይ፣ ቤተ ሙከራው ይከፈታል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ርዕሰ መምህሩ ሲያድበሰብስ ታውቂያለሽ።

የኮምቦልቻ እናት፦
አላህ ይስጣችሁ። ማታ አስነበብኩት። ቃላቱን ይጠራል፣ ትርጉሙ ላይ ግን ዝም አለ። ማጠናከሪያ በነፃ የሚሰጥ ኮምቦልቻ ውስጥ ታውቃላችሁ?

መምህር ከደሴ፦
የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በክረምት በጎ ፈቃድ የሚያስተምሩበት ጊዜ አለ፣ ቀበሌ ጠይቂ። እስከዚያ የ7ኛና የ8ኛን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ይጀምር፣ በቀን አንድ ገጽ። ወደ ደሴ መላኩን ለአሁኑ ተይው፣ የታክሲውና የቀለቡ ወጪ ለመጽሐፍ ይበቃዋል።