ለሕፃናት ስክሪን ይከልከል ወይስ ወላጅ አብሮ ይቀመጥ?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ «ልጆች አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ከቴሌቪዥን፣ ከስልክና ከታብሌት ፈጽሞ ይራቁ ወይ?» የሚል ነው። ለመነሻ ያህል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር የተሻለ እንደሆነ ይገልጻል።

የሁለት ልጆች አባት፦ እኔ ይከልከል ከሚሉት ወገን ነኝ። ሕፃን ቋንቋ የሚማረው ከሰው ነው። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ማንዳሪን ቻይንኛ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር በአካል እየተጫወቱ ሲሰሙ የቋንቋውን ድምፆች ለመለየት በቅተዋል፤ ተመሳሳዩን ንግግር በቪዲዮ የተከታተሉት ግን ቋንቋውን ጭራሽ ካልሰሙት የተሻለ ውጤት አላሳዩም። እንግዲህ «ትምህርታዊ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ቪዲዮ ለሕፃን ምን ይጨምርለታል?

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦ ወንድሜ የጠቀሱት ጥናት ትልቅ ቁም ነገር ቢይዝም፣ በዘጠኝ ወር ሕፃን ላይ የታየውን እንዳለ ወስዶ በአራት ዓመት ልጅ ላይ መጫን አግባብ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የተጀመረውን «ሰሳሚ ስትሪት» የተባለ የልጆች ዝግጅት ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ ሥርጭቱ በጥራት ይደርስባቸው በነበሩ አካባቢዎች ያደጉ ልጆች ለዕድሜያቸው በሚገባው ክፍል የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደነበር አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ልጆች በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ከሚያነጋግራቸው ሰው አዲስ ቃላት ሲማሩ፣ አስቀድሞ ከተቀረጸ ቪዲዮ ግን አለመማራቸውን አረጋግጧል። ሁለቱም የቀረቡት በስክሪን ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ልጁ ሲናገር የሚመልስለት ሰው መኖሩ ነው።

በክፍሌም የማየው ይህንኑ ነው። ከቪዲዮ ተምሮ እስከ ሃያ በዜማ የሚቆጥር ልጅ «እስቲ ሦስት እርሳስ አምጣልኝ» ሲባል በእጁ የገባለትን ሁሉ አፍሶ ይመጣል። ያንኑ ዘፈን እናቱ መሐል ላይ አቁማ «ስንት ሆኑ? አሁንስ?» እያለች ያሳየችው ልጅ ግን ሦስቱን ለይቶ ያመጣል። ይህ የእኔ ትዝብት እንጂ ጥናት አይደለም።

የሌሊት ተረኛ እናት፦ መምህርት ያሉት ያስማማኛል፤ ነገር ግን «አብረሽው ተቀመጪ» የሚለው ምክር የተጻፈው ጊዜ ላለው ወላጅ ይመስላል። ከሥራ ገብቼ ምግብ እስካደርስ ልጄ ለግማሽ ሰዓት ካርቱን ቢያይ፣ ያ ግማሽ ሰዓት ከእኔ ጋር ሊጫወትበት ይችል የነበረ ጊዜ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1999 ከ2 ዓመት በታች ላሉት ቴሌቪዥን እንዳይፈቀድ መክሮ፣ በ2016 ግን ከዘመድ ጋር የሚደረግ የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ፈቅዷል፤ 18 ወር ያለፈውም ልጅ ጥራት ያለው ዝግጅት ከወላጅ ጋር ቢያይ አልተቃወመም። እነሱ ያላሉትን ፍጹም ክልከላ እኛ ለምን እንጨምራለን?

የሁለት ልጆች አባት፦ እህቴ፣ ግማሽ ሰዓቷ በግማሽ ሰዓት ብታበቃማ አልከራከርም ነበር። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራል፤ ማንም የማያየው ቴሌቪዥንም ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ሲውል የቤቱን ጨዋታ ይቀንሳል። ክልከላ ቢያንስ ድርድር የለበትም።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦ ታዲያ ክልከላው ከማን ይጀምር? እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ እናቶች ለሁለት ዓመት ልጆቻቸው ሁለት አዳዲስ ቃላት ሲያስተምሩ አንዱን ቃል የስልክ ጥሪ እንዲያቋርጠው ተደረገ። ልጆቹ ሁለቱንም ቃላት እኩል ጊዜ ቢሰሙም የተማሩት ያልተቋረጠውን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ስክሪኑ የነበረው በወላጅ እጅ ነው፤ የልጁን ሰዓት ብቻ የሚቆጥር ደንብ ይህን አይነካውም።

የሌሊት ተረኛ እናት፦ እንዲህ ከሆነ እኔም የምሠራበት ነገር አገኘሁ። ቀጣዩ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር አድርጌ አንድ ዝግጅት እከፍትለታለሁ፤ ማዕድ ስንቀርብም ስልኬን አርቄ ያየውን እንዲተርክልኝ አደርጋለሁ። ከሁለት ዓመት በታች ላለው ግን ከአባትየው ጋር እስማማለሁ፤ ይቅርበት።