ፀጋዬ ገብረመድኅን ሁለት ሰው ነው፤ ማውጫ ላይ እንዴት ትለያላችሁ?

ማውጫ ሠሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የታዋቂ ሰዎች የስም ማውጫ እያዘጋጀን «ፀ» ላይ ተይዘናል። ባለቅኔው ፀጋዬ ገብረመድኅን አለ፣ የኢሕአፓው አመራር ፀጋዬ ገብረመድኅንም አለ። የአባት ስም እንኳ አልለያቸውም፤ የአንዱ መረጃ ለሌላው እየገባ ነው። ማዕረግ ብንጨምርበት ይበቃል?

ፊደል ለቃሚ፦ ከማዕረጉ በፊት ፊደሉን ጨርሱ። ይህ ስም በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ በ«ዬ» ወይም በ«የ»፣ በ«ኅ»፣ በ«ሕ» ወይም በ«ህ» ይጻፋል፤ «ገብረ መድኅን» ደግሞ አንዴ ገጥሞ አንዴ ተለያይቶ ይመጣል። ሲባዛ 24 አጻጻፍ ነው፤ ኮምፒዩተር 24ቱንም የተለያየ ስም አድርጎ ያያቸዋል። አንዱ ሰው አራት ቦታ ተበትኖ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ የሚታጨቁት በዚህ ነው።

ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ስውር ዓምድ ክፈቱ። እዚያ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ በሰባቱም ቤት ይለወጡ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም አንድ ይሁኑ፤ ይህችን ብዙ ሰው ይረሳታል። ክፍት ቦታውን አጥፉ። «ዬ» እና «የ» ግን ሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት) ስላልሆኑ በእጅ ተለዋጭ ስም ብላችሁ አስገቡ። ለአንባቢ የሚታየው ስም ባለቤቱ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንደጻፈው ይቆይ።

የድሮ ካታሎግ፦ ሁለቱን ፀጋዬዎች አንባቢ ራሱ ለይቷቸዋል፦ ባለቅኔው «ሎሬት»፣ የኢሕአፓው «ደብተራው»። «ደብተራው»ን ቅንፍ ውስጥ አትተዉት፤ መረጃ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚጠፋው በቅንፍ ያለው ነው። የራሱ ዓምድ ይኑረው።

ማዕረግ ብቻውን ግን አያስተማምንም። «ሎሬት» ሰዓሊው አፈወርቅ ተክሌም ናቸው (የእሳቸው ማዕረግ ሙሉው ሲጻፍ ከስማቸው ይረዝማል)። ሙያም ያሳስታል፦ «ሰዓሊው አፈወርቅ» ካላችሁ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ያሳተሙት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረኢየሱስም ቱሪን ሥዕል ተምረዋል።

የሚያስተማምነው የልደት ቀን ነው፤ ያውም ዘመኑ ከተጻፈበት። ሎሬት ፀጋዬ የተወለደው ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ ኦገስት 17 ቀን 1936። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ዓመቱን ሙሉ በ7 የቀነሰ ሰው 1929 ብሎ ይጽፍና ሦስተኛ ፀጋዬ ይፈጥርላችኋል።

የሩጫ መዝገብ፦ እኛ ዘንድ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ስለሚያደርገው ማሬ ዲባባን የጥሩነሽ፣ የእጅጋየሁና የገንዘቤ እኅት የሚያደርጓት አሉ። እኅትማማቾቹ ዲባባ ቀነኒ ናቸው፤ በፈረንጅ 2015 ቤጂንግ ላይ በማራቶን የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ማሬ ግን ዲባባ ሁርሳ ናት። ቀነኒሳ በቀለና ብዙነሽ በቀለም እንደዚሁ ወንድምና እኅት አይደሉም፤ የቀነኒሳ ወንድም ታሪኩ ነው። ስለዚህ የአያት ስም ግዴታ ይሁን።

ማሬ ላይ ሌላም አለ፦ በፈረንጅ 2009 ለአዘርባይጃን ስትሮጥ «ማሬ ኢብራሂሞቫ» ተብላ ተመዝግባለች። ለስሙ ሳይሆን ለሰውየዋ ቁጥር ስጡ፤ ሁለቱም ስሞች እዚያው ቁጥር ሥር ይግቡ።

ማውጫ ሠሪ፦ የአያት ስም ያልተገኘለትስ?

የድሮ ካታሎግ፦ ቦታውን ባዶ ተዉት፣ በግምት እንዳትሞሉት። ከስሙ ጎን የልደት ዓመትና ሙያ ይግባ፤ «ሙላቱ፣ የሙዚቃ ሰው» እና «ሙላቱ፣ የቀድሞ ፕሬዚዳንት» ለማንም ግልጽ ነው። ስትደረድሩም በራሱ ስም እንጂ በአባቱ አይሁን፤ ውጭ አገር ማውጫዎች ገልብጠው «ገብረመድኅን፣ ፀጋዬ» ስለሚሉ ከዚያ የምትቀዱትን መልሳችሁ አስተካክሉ።