የፍርድ ቤት ፊልሞች ቅዳሜ፦ ረቂቅ ዕቅድ፣ ሐሳብ እስከ ዓርብ

ጸሐፊዋ፦
ረቂቁ ይኸው። አራት ቅዳሜ፣ አራት የፍርድ ቤት ትሪለር፣ ሁሉም መጨረሻ ላይ የሚገለበጡ። ገቢው ለፕሮጀክተር ነው። እስካሁን የያዝኳቸው «ዊትነስ ፎር ዘ ፕሮሲኪውሽን» (1957)፣ «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» (1990) እና «ፕራይማል ፊር» (1996) ናቸው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ነው። አራተኛውን እናንተ ምረጡ። በራሪ ወረቀቱ ላይ «መጨረሻው ያስደነግጣችኋል» የሚል መስመር አስገብቻለሁ። አዳራሹ ቀብድ የሚቀበለው እስከ ዓርብ ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ከቀብዱ በፊት የማሳያ ፈቃድ። ለሦስቱም። ከቴሌግራም በወረደ ፊልም ትኬት አንሸጥም። «ድፍረት» በነሐሴ 2006 አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ መቆሙን ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ ሌላ ነበር። ግን አዳራሽ የሞላ ሰው ፊልም ሳያይ ወደ ቤቱ መሸኘት ምን እንደሚመስል ያኔ ታይቷል። እኛ ላይ ቢመጣ የትኬቱን ብር ከየት አምጥተን ነው የምንመልሰው?

ሰባተኛ ረድፍ፦
ፈቃዱ ይጠየቅ። እኔን የከነከነኝ «መጨረሻው ያስደነግጣችኋል» የሚለው ነው። ይውጣ።

ጸሐፊዋ፦
ለምን?

ሰባተኛ ረድፍ፦
እንደሚገለበጥ አስቀድመሽ ከነገርሽኝ ገና ከመጀመሪያው ምስክር ጀምሬ የምጠረጥረው ሰው ፍለጋ እገባለሁ። ታሪኩን አልከተልም። የእነዚህ ፊልሞች ደስታ አምኖ መቀመጥ ነው። ጠበቃውን ታምነዋለህ፣ ለተከሳሹ ታዝንለታለህ፣ በልብህ ፈርደህ ትጨርሳለህ። ከዚያ የፈረድከው በውሸት ላይ እንደነበር ይገለጥልሃል። አንቺ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ልታበላሺው ነው።

ካሳንቺስ፦
ያለዚያ መስመር ማን ይመጣል? ቅዳሜ ማታ ሰው የ1957 ጥቁርና ነጭ ፊልም ለማየት ከቤቱ የሚወጣው ምን ስቦት ነው? ይቆይ።

ከጉለሌ፦
ይቆይ።

ሰባተኛ ረድፍ፦
ድምፅ ስጡ የተባለ ሰው የለም።

ጸሐፊዋ፦
የ1957ቱን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው አልደበቁትም እኮ። መጨረሻ ላይ «ላላዩት መጨረሻውን አትንገሩ» የሚል ድምፅ አስገብተዋል።

ሰባተኛ ረድፍ፦
የሚሰማው እኮ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው! በር ላይ አልለጠፉትም። ልዩነቱ አይታይሽም?

ካሳንቺስ፦
ዳይሬክተሩ ሂችኮክስ? «ሳይኮ»ን በ1960 ሲያወጣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ አስደርጓል። ያውም በማስታወቂያ እያስነገረ። ሰልፉ የመጣው በዚያ ነው። እኛም በሩን እንዝጋ።

ገንዘብ ያዥ፦
በር መዝጋት አይታሰብም። በሐበሻ ቀጠሮ ግማሹ ሰው ደጅ ይቀራል፣ ገቢውም አብሮት ይቀራል።

ሕግ አዋቂ፦
በአንድ መስመር ቀኑን ጨረሳችሁት። ትዊስት፣ ማለትም የመጨረሻው መገልበጥ፣ ችሎት ውስጥ ለምን እንደሚያምር ረቂቁ ላይ አንድም ቃል የለም። ስፖንሰር የምንጠይቅ ከሆነ የሚያነቡት ያንን ነው።

እንዲህ ተብሎ ይጻፍ። ችሎት ሁሉ ነገር የማይነገርበት ቦታ ነው። ምስክር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። የጠራው ወገን መሪ ጥያቄ፣ መልሱን የሚጠቁም ማለት ነው፣ ቢጠይቀው ይከለከላል። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚከራከረው። ስለዚህ ደራሲው ሳያጭበረብር እውነቱን መደበቅ ይችላል፤ ሥነ ሥርዓቱ ይደብቅለታል። የ1957ቱን ጠበቃ ሆኖ የሚጫወተውን ቻርልስ ሎተንን ልብ በሉት። ባለ አንድ ዓይን መነጽሩን እያዟዟረ ብርሃኑን ከፊቱ በተቀመጠው ሰው ዓይን ላይ ያበራበታል። ውሸታም የሚለየው እንደዚያ ነው። ክርክሩ ሲካሄድ ደግሞ ክኒኖቹን ጠረጴዛ ላይ በረድፍ እየደረደረ ያዳምጣል። እንዲህ ያለ ሰው ሲታለል አይታየንም። እሱን አምነን ነው የምንታለለው።

ሌላም አለ። ፊልሙ የሚካሄደው እንግሊዝ አገር ነው፤ በዚያ ዘመን እዚያ አንዴ ነጻ የተባለ ሰው በዚያው ጉዳይ ዳግም አይከሰስም። በፈረንጅ 2003 ሕጉን አሻሽለው፣ ለከባድ ወንጀሎች አዲስና ጠንካራ ማስረጃ ሲገኝ ብቻ በሩን ከፈት አደረጉት። እኛ ጋ ጁሪ፣ ከሕዝብ ተመርጦ የሚፈርድ ቡድን፣ የለም። ዐቃቤ ሕግም ተከሳሹ በነጻ ሲሰናበት ይግባኝ ማለት ይችላል። ታዳሚው «ይግባኝ አይሉም እንዴ?» ብሎ ከተቀመጠ መጨረሻው አይመታውም። ከፊልሙ በፊት አምስት ደቂቃ ማብራሪያ ያስፈልጋል። እኔ አቀርባለሁ።

ሰባተኛ ረድፍ፦
ማብራሪያው ከበራሪው ይብሳል! «ነጻ የተባለ ዳግም አይከሰስም» ብለህ ካስጀመርከኝ እኮ ነጻ እንደሚባል ነገርከኝ።

ሕግ አዋቂ፦
እሺ፣ ከፊልሙ በኋላ ይሁን። ውይይት እናድርገው። እንደ ውይይት ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት እፈልጋለሁ።

ካሳንቺስ፦
ይህን ያህል የምትፈሩት በከንቱ ነው። ትዊስት ሲያውቁት ይበልጥ ይጥማል እንጂ አይሞትም። «ፕራይማል ፊር»ን መጨረሻውን እያወቅኩ ደጋግሜ አየዋለሁ። ልጁ ፊልሙን ሙሉ ይንተባተባል፣ የሚያደርገውን እንደማያውቅ፣ እንደማያስታውስ ይናገራል። በመጨረሻ እስር ቤት ውስጥ፣ ጠበቃው ሪቻርድ ጊር ወጥቶ ሊሄድ ሲል፣ የዐቃቤ ሕጓ አንገት እንዲሻላት መመኘቱን እንዲነግርለት ይጠይቃል። አንገቷን ያነቃት እኮ «አላስታውስም» ባለበት ሰዓት ነው። በቃ፣ በዚያች ቃል ተያዘ። ሲያስመስል ነበር። ኤድዋርድ ኖርተን በመጀመሪያ ፊልሙ ነው ይህን የሠራው፣ ለኦስካርም ታጭቶበታል።

ከጉለሌ፦
እኔ እኮ አላየሁትም ነበር።

ሰባተኛ ረድፍ፦
ይኸው! ይኸው! ይሰረዝ አሁኑኑ። ትኬት ልንሸጥበት ያሰብነውን ፊልም እዚሁ ጨረስከው። ከጉለሌ ይመጣል ብለን የቆጠርነው ሰው ቀረ።

ካሳንቺስ፦
የ1996 ፊልም ነው ወንድሜ! እስኪ መቼ ሊያየው ነበር?

ሰባተኛ ረድፍ፦
በሁለተኛው ቅዳሜ! ለዚያ አልነበረም እንዴ የምንሰበሰበው?

ጸሐፊዋ፦
ሁለታችሁም በቃ። ካሳንቺስ፣ ከፊልሞቹ ሥር የሚታየውን የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ እሠራለሁ ብለህ ነበር። «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» የት ደረሰ?

ከጉለሌ፦
እኔ ቅር አላለኝም። አሁን አንገቷን ያነቃት ጊዜ ፊቱን ለማየት ነው የምመጣው።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ልጆች፣ ሁሉንም አነበብኩት። ለፈረንጅ ችሎት ፈቃድ ልትከፍሉ ነው። በዚህ አገር ችሎት ራሱ ትርኢት ነበር። ዳኛው ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ከሳሽና ተከሳሽ «በላ ልበልሃ» ተባብለው በግጥም ሲሟገቱ መንገደኛው ጉዞውን አቋርጦ ይቆም ነበር። ማር ይወራረዳሉ፣ በቅሎ ይወራረዳሉ፣ የተረታው ይከፍላል። አንዲት ቃል ካመለጠችህ ተቀናቃኝህ ይዞ ይረታሃል። ያ ልጅ በአንገቷ እንደተያዘው ማለት ነው። አራተኛው ቅዳሜ ለዚህ ይሁን። በመድረክ፣ በሰው።

ሕግ አዋቂ፦
ጋሼ፣ ይህ ግሩም ነው። ከሱ ቀጥሎ የዛሬውን ችሎት እናሳያለን። ዐቃቤ ሕግ ምስክሩን አሰምቶ ሲጨርስ፣ ብይኑ «ይከላከል» ይሁን «ይሰናበት» እስኪነበብ ድረስ የተከሳሹ ቤተሰብ እንዴት ትንፋሹን እንደሚይዝ ሰው አያውቅም።

ገንዘብ ያዥ፦
የጋሼ ሐሳብ የማሳያ ፈቃድ አይጠይቅም። ሁለት ቅዳሜ ቢሰጠውስ?

ጸሐፊዋ፦
ፊልሞቹስ?

ገንዘብ ያዥ፦
የፈቃድ ደብዳቤ የጻፈ ሰው የለም። አንድ ፊልም ይበቃል፣ እሱም መልስ ካገኘን።

ጸሐፊዋ፦
ካሳንቺስ? ጽሑፉስ?

ከጉለሌ፦
ስልኩ አይነሳም። ትናንትም ደውዬለት ነበር።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ሙግቱን የሚጽፍ ገጣሚ ያስፈልጋል። የርስት ክርክር ይሁን፣ ወንድማማቾች። መጨረሻ ላይ ምን እንደሚወጣ እኔ አውቃለሁ፣ እዚህ ግን አልጽፍም።

ሰባተኛ ረድፍ፦
ጋሼ ብቻ ገባቸው።

ጸሐፊዋ፦
የተስተካከለው ረቂቅ፦ ሁለት ቅዳሜ በላ ልበልሃ፣ አንድ ቅዳሜ የ1957ቱ ፊልም ከውይይት ጋር፣ አራተኛው ክፍት። የአማርኛ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው ካልተገኘ ፊልሙም ይቀራል። በራሪው ላይ ያለው መስመር እስካሁን አልተወሰነም።

ገንዘብ ያዥ፦
ለሁለት ቅዳሜ ቀብድ ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ እኔ ጋ ነው። የመብራትና የድምፅ ማጉያ ለብቻ ነው አሉ። ከፕሮጀክተሩ ብር ላይ አንስቻለሁ፤ የሚቃወም ካለ እስከ ማታ ይናገር።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ለተሟጋቾቹ ሁለት ጋቢና አንድ ጭራ የሚያመጣ ማነው? ማሩን እኔ እችላለሁ።