አሮጌ ተንቀሳቃሽ ቴሌቪዥን ፊልም ማጫወቻ ሊሆን ይችላልን?

ጠያቂ፣ ከሐዋሳ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የቀረልኝ፣ እጀታና የሚመዘዝ አንቴና ያለው፣ በ12 ቮልት ባትሪም የሚሠራ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አለኝ። ስክሪኑን ሳልቀይር ራስፕቤሪ ፓይ 4 ከተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ፊልም ላይበት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ከአንቴናው በቀር መግቢያ የለውም። ምስሉን በየት በኩል ላስገባ?

አንደኛ መልስ፦
ስክሪኑን ለማቆየት መወሰንዎ ደስ ያሰኛል። በፓዩ የ3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ የሚወጣውን የኮምፖዚት ምስል (ሙሉው ምስል በአንድ ሽቦ የሚተላለፍበት) ወደ ቴሌቪዥን ቻናል የሚቀይር ሞዱሌተር ገዝተው በአንቴናው መግቢያ ቢያገናኙት፣ ሳጥኑን መክፈት እንኳ አያስፈልግዎትም። ይህ መውጫ ሲገዛ ዝግ ስለሆነ በቅንብሩ ፋይል ውስጥ ይክፈቱት፤ የቴሌቪዥን ሥርዓቱንም ፓል፣ ማለትም 625 መስመርና 50 ኸርዝ ያድርጉት፣ አለበለዚያ ምስሉ ሊንከባለል ይችላል። ገመዱን ሲገዙ ይጠንቀቁ፦ አራት መገናኛ ያላቸው መሰኪያዎች መልካቸው አንድ ሆኖ የሽቦ አቀማመጣቸው ይለያያል፤ የተሳሳተው ምስል አይሰጥም።

ሁለተኛ መልስ፦
በተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሳጥኑን ከከፈቱት፣ ከመሰኪያው ተነቅሎም ቢሆን በስክሪኑ ቱቦ ላይ ካለው የጎማ ቆብ ሥር በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሊቆይ ስለሚችል፣ እባክዎ ያለ ባለሙያ አይንኩት።

ሦስተኛ መልስ፦
ፓዩ 5 ቮልት ስለሚፈልግ ከባትሪው በቀጥታ አያገናኙት፤ 3 አምፔር የሚችል የቮልት መቀነሻ በመካከል ያስገቡ።